22 ጥርስ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ አባባ? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገ? እማዬስ ደህና ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍልዎ ቤቴ ደጃፍ ላይ ዱካ አውጥቼ ተቀምጬ ነው። ሳይክሌ አጠገቤ ግድግዳ ተደግፋለች። ካቴናዋን ዘይት ቀብቼ ገና መጨረሴ ነው። ወረቀቱ ላይ ጥቁር የጣት አሻራ ካዩ የእሱ ነው።

ባለፈው እሑድ በስልክ ስናወራ ፔዳሉ ጋ ያለውን የፊቱን ማርሽ ወደ 22 ጥርስ እንዳወረድኩት ነገርኩዎት። "ይሄማ የሕፃን ማርሽ ነው፣ ጉልበትሽን የት ጣልሽው?" አሉኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም አሉና፣ "የእኔስ ጉልበት አልቋል፣ ሳይክሉንም ለሚፈልገው ልሰጠው ነው" አሉ። እማዬ ቡና ደረሰ ብላ ጠራችዎትና ወሬው እዚያው ቀረ። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ያ ንግግር ከጆሮዬ አልወጣም። አደራ አባባ፣ ሳይክሉን ለማንም እንዳይሰጡት። ምክንያቱን በደንብ ላስረዳዎት። ትንሽ ይረዝማል።

እርስዎ ያሳደጉኝ ከተማ ሜዳ ነው። ባሕር ዳር ላይ ሳይክል ማለት አንድ ማርሽ ነው፤ ሌላ አያስፈልገውም። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈረቃ ሲወጣ መንገዱ በሳይክል ይሞላል። በር ላይ ቆሜ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል በደወልዎ ድምፅ እለይዎት ነበር። ዳገት ስል የማውቀው በዛዊትን ብቻ ነው። እሑድ ከኋላ ጭነውኝ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሲወጡ ከኮርቻው ተነስተው፣ መሪውን ግራና ቀኝ እየነቀነቁ ነበር የሚረግጡት። ወርደን እንግፋ ስልዎት እምቢ ይሉ ነበር። አዲስ አበባም ስመጣ ያንን ይዤ መጣሁ። ዳገት የሚወጣው በጉልበት ብቻ ነው ብዬ አምኜ።

አዲስ አበባ ግን ዳገቷ ሌላ ነው። ቤቴን ያውቁታል፤ ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው አቀበት ላይ ነው። ሥራዬ ለገሃር ነው። ጠዋት አብዛኛው ቁልቁለት ስለሆነ ፍሬን ይዤ እወርዳለሁ። ማታ ግን ቸርችል ጎዳናን መውጣት አለብኝ። ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከለገሃር እስከ ብሔራዊ ቴአትር ሰው አያስጨንቅም። ከፖስታ ቤቱና ከጥቁር አንበሳ በኋላ መክበድ ይጀምራል። ከቴዎድሮስ አደባባይ እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ያለው ነው ዋናው። ከዚያ ፒያሳ ደርሼ አረፍኩ ስል መንገዱ ወደ ድልድዩ ይወርድና እንደገና ሽቅብ ይነሳል። አየሩም ሌላ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዲስ አበባ ከ2,300 ታልፋለች። እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ላይ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባልን ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ያለ ሰው ከሚያገኘው 70 በመቶ ቢሆን ነው።

ሳይክሏን ስገዛት ፊት ለፊት ሦስት ማርሽ ነበራት፤ 42፣ 34 እና 24። ከኋላ ሰባት፣ ከ14 እስከ 28። ደህና ነበረች። አንድ ቀን የፊቱ ሲላላብኝ አንድ ሱቅ ወሰድኳት። "ሦስት ማርሽ የድሮ ነገር ነው፣ አሁን ዓለም በአንድ ነው የሚሄደው" አሉኝና ሦስቱንም አውጥተው አንድ ባለ 38 ገጠሙልኝ። ያምራል። ቀላልም ነው። እኔም ደስ ብሎኝ ከፈልኩ።

በዚያው ሳምንት ጉልበቴን ያመኝ ጀመር። ሎሚ የምታህለዋ አጥንት ከሥር በኩል፣ ልክ እርስዎ በእጅዎ የሚያሹት ቦታ ላይ። ለሁለት ወር ያህል ከቴዎድሮስ አደባባይ በላይ እየገፋሁ ነበር የምሄደው። ለእርስዎ አልነገርኩዎትም። ሳይክል መግፋት እንደማይወዱ ስለማውቅ አፈርኩ።

እነዚያ ሰዎች ያሉት ግማሹ እውነት ነው። ስራም የሚባለው ኩባንያ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ፊት ለፊት አንድ ማርሽ ብቻ ያለውን አሠራር ለማውንቴን ሳይክል አወጣ፤ ብዙው ዓለምም ተከተለ። ግን ያ አንድ ማርሽ የሚሠራው ከኋላ ትልቁ 42 ጥርስ ስለሆነ ነው። በኋላ 50 ደረሰ። የእኔ የኋላ ማርሽ ግን ያኔ 28 ላይ ነበር የሚያበቃው። የፊቱን ትንሽ ማርሽ አውጥቶ የኋላውን እንዳለ መተው ማለት የቤቱን ደረጃ ነቅሎ በመስኮት ግባ እንደ ማለት ነው።

ከዚያ ነው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ የተቀመጥኩት። ሂሳቡ ቀላል ነው አባባ፤ እርስዎ በአእምሮዎ ይሠሩታል። የፊቱን ጥርስ ለኋላው ያካፍሉ። የሚመጣው ቁጥር ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር የኋላው ጎማ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይነግርዎታል። የእኔ ጎማ ባለ 26 ኢንች ነው። አንድ ጊዜ ሲዞር 2.07 ሜትር ያህል ይሄዳል።

38 ለ28 ሲካፈል 1.36 ነው። ስለዚህ በአንድ ዙር 2.8 ሜትር እሄዳለሁ። ያንን ዳገት የምወጣው በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በደቂቃ 100 ሜትር ማለት ነው። በባለ 38ቱ ያንን ለመሄድ በደቂቃ 36 ጊዜ ብቻ እረግጣለሁ። እያንዳንዷ ርግጫ ግን ድንጋይ እንደ መግፋት ናት። በድሮዋ ባለ 24 ቢሆን 56 ጊዜ ነው። አሁን ያለሁበት ደግሞ ፊት 22፣ ኋላ 34 ነው። በአንድ ዙር 1.34 ሜትር። በደቂቃ 75 ጊዜ።

ዳገቱ ያው ነው። ፍጥነቴም ያው ነው። የምሠራው ሥራ አልቀነሰም። በ36 ከባድ ርግጫ ይሠራ የነበረው ለ75 ቀላል ርግጫ ተከፋፈለ፣ በቃ። ኩንታሉን ባንዴ ተሸክሞ ጎተራ ከመውጣት በቁና እያመላለሱ መጨረስ ማለት ነው። እህሉ ያው እህል ነው፤ ወገብ ግን ይተርፋል።

ስገዛ አንድ ነገር ገባኝ። ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ፊቱ ነው፤ ብዙ የሚያቀለው ግን የኋላው ነበር። ከ24 ወደ 22 መውረድ 8 በመቶ ብቻ ነው የሚያቀለው። ከኋላ ከ28 ወደ 34 መውጣት 18 በመቶ ገደማ ያቀላል። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃው ሰው ቢጠይቀኝ ከኋላ ጀምር እለዋለሁ። ለቸርችል ብቻ ቢሆን 24 እና 34 ይበቃኝ ነበር። 22ቱን የወሰድኩት ወደ እንጦጦ ለሚወጣው የሽሮ ሜዳ ዳገት ብዬ ነው።

ዕቃውን ያገኘሁት መርካቶ ነው፤ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ርካሾቹ ላይ የፊት ማርሾቹ እርስ በርስ በማይፈታ ሚስማር ተመትተው የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ጥርስ ሲያልቅ ሁሉንም መጣል ነው። በቡሎን የታሠረ ፈልጌ 42፣ 32፣ 22 አገኘሁ። አንዱ ሲበላ አንዱን ብቻ እቀይራለሁ። የኋላው ትልቁ 34 ስለሆነ የድሮው ካቴና አጠረ፤ እሱንም አዲስ ገዛሁ። አጭር ካቴና በፊቱ ትልቁና በኋላው ትልቁ ላይ ቢያስገቡት ተወጥሮ ማርሽ የሚቀይረውን ዕቃ ከቦታው ሊነቅለው ይችላል። ሠራተኛው ይህን ሳልጠይቀው ነው የነገረኝ። የኋላውን ሲፈታ ዝም ብሎ በመዶሻ አልመታውም። ልኩን የጠበቀ መፍቻ አውጥቶ፣ ጎማውን ጉልበቱ መሃል ይዞ፣ ቀስ ብሎ ፈታው። እርስዎ ቢያዩት ይወዱት ነበር።

ማክሰኞ ማታ ከሥራ ስወጣ ዝናብ አባርቶ ነበር። ከቴዎድሮስ አደባባይ በፊት፣ መንገዱ ገና ሳይከብድ፣ ወደ 22ቱ ቀየርኩ። ዳገቱ መሃል ላይ ካቴናው ተወጥሮ ሳለ መቀየር አይሆንም፤ ይንገጫገጫል፣ ሊወልቅም ይችላል። ከኋላ ከ24ቱ ወደ 34ቱ ሲዘል መሃል ላይ ሌላ ጥርስ ስለሌለ እግሬ ድንገት አየር የረገጠ መሰለኝ። ለዚያ መልመድ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ግን፣ አባባ፣ ከኮርቻዬ ሳልነሳ ወጣሁ። ሚኒባሶች ጭሳቸውን እየለቀቁ ያልፉኛል፤ እኔ ቁጭ ብዬ እረግጣለሁ። ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ስደርስ ትንፋሼ ቁና ቁና ይላል፤ ጉልበቴ ግን ዝም ብሏል። እዚያው ቆሜ ቁልቁል ለገሃርን አየሁት። ያኔውኑ ልደውልልዎ ነበር፤ መሽቶ ነበርና ተውኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ በኩል እስከ እንጦጦ ማርያም ወጣሁ። እዚያ 22ቱ ትርፍ አልሆነም። በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ስሄድ ሳይክሏ ግራና ቀኝ መወላወል ትጀምራለች። ከዚያ በታች ማርሽ ቢቀልም ሚዛን አይገኝም። ደረቴን ወደ መሪው አስጠግቼ ነው የወጣሁት፤ አለዚያ የፊቱ ጎማ ከመሬት ሊነሳ ይፈልጋል። ሁለት ቦታ ላይ ወርጄ ገፋሁ። በሁለቱም አላፈርኩም።

ብስክሌተኞቹ እነ ገረመው ደንቦባ 22 ጥርስ እንዳልነበራቸው እንደሚነግሩኝ አውቃለሁ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የገባችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ እንደሆነ፣ ብስክሌተኞቻችንም እዚያ እንደነበሩ ያወቅኩት ከእርስዎ አፍ ነው። እኮራባቸዋለሁ። ግን እነሱ ወጣት ተወዳዳሪዎች ነበሩ። ዛሬ ፈረንሳይ አገር በሚደረገው ትልቁ የብስክሌት ውድድር ተራራ የሚወጡት ባለሙያዎችም ከድሮዎቹ ይልቅ ቀላል ማርሽ ይዘው ነው የሚወጡት። ከእነሱ የበለጠ ጉልበት ያለው ማን ነው?

አሁን ወደ እርስዎ ሳይክል ልምጣ። ደብዳቤውን የጀመርኩት ለዚህ ነው።

ፊቱ 44፣ ኋላው 18 ይመስለኛል። ጎማው ባለ 28 ኢንች ነው፤ አንድ ዙር 2.2 ሜትር ያህል። በአንድ ርግጫ 5.4 ሜትር ገደማ ይሄዳሉ ማለት ነው። ይህን ማርሽ ነው 40 ዓመት ሙሉ፣ በነፋስም በጭነትም፣ እኔን ከኋላ አስቀምጠው በዛዊትን የወጡበት! ሐኪሙ ጉልበትዎ ላይ ከባድ ነገር እንዳይጭኑ ነው ያለዎት፤ ሳይክል ይተው አላለም። እማዬን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። እርስዎ "ጉልበቴ አልቋል" ሲሉ እኔ የሚታየኝ ያ 18 ጥርስ ነው።

የኋላውን ወደ 22 ብንቀይረው በአንድ ርግጫ 4.4 ሜትር ይሆናል። እግርዎ ላይ የሚያርፈው ጫና በ18 በመቶ ያህል ይቀንሳል። እኔ የፊቱን አሳነስኩ፤ እርስዎ የኋላውን ያሳድጋሉ። ሁለቱም ወደ አንድ ቦታ ነው የሚወስደው። ቀስ ብለው በደቂቃ 60 ጊዜ ቢረግጡ እንኳ በሰዓት ወደ 16 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። ለሐይቁ ዳር መንገድ ከበቂ በላይ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ኮርቻዎ በጣም ዝቅ ያለ ነው። ባለፈው ገና ስመጣ አይቼው ነበር። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርዎ ሊዘረጋ ጥቂት ነው መቅረት ያለበት። የእርስዎ ታች ደርሶም እንደታጠፈ ነው። የታጠፈ ጉልበት ሲረግጥ ጫናው እሱው ላይ ይበዛል። ሁለት ጣት ያህል ከፍ እናደርገዋለን። መውረዱ ካስፈራዎት በአንድ ጣት እንጀምር።

ባለ 22 ጥርሱን የኋላ ማርሽ ገዝቼዋለሁ። ጋዜጣ ተጠቅልሎ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ለአንድ ማርሽ ሳይክል የሚሆነውን ሰፊውን ካቴናም ጨምሬበታለሁ፤ የድሮው አንድ ሁለት ቀለበት ያጥረዋል። ለፋሲካ ይዤው እመጣለሁ። መፍቻውንም እዋሳለሁ። ራሴ እገጥምልዎታለሁ፤ እርስዎ አጠገቤ ቆመው ይመሩኛል።

እስከዚያ አንድ ሥራ ልስጥዎት። ሳይክሉን ከግድግዳው አውርዱት ብለው ሰው ይጥሩ፤ ብቻዎን እንዳያነሱት። ከኋላው ማርሽ አንዱን ጥርስ በጠመኔ ምልክት ያድርጉበትና እስኪመለስ ድረስ ይቁጠሩ። ፊቱንም እንዲሁ። ከ18 እና ከ44 የተለየ ከሆነ እሑድ ስደውል ይንገሩኝ፤ ካቴናውን ሳልቆርጠው ልኩን ማወቅ አለብኝ።

እማዬን ሳሙልኝ።

ልጅዎ
ከአዲስ አበባ