ንቦቹን ከማስረጨትህ በፊት

ይድረስ ለወዳጄ ለታምራት፣

እንደምን ከርመሃል? እማማስ ደኅና ናቸው? ተጠፋፋን አይደል። አንተም አልደወልክ፣ እኔም አልደወልኩ፤ ይኼን እዚህ ላይ እንተወውና ወደ ጉዳዬ ልግባ። ወንድምህን ፒያሳ አግኝቼው ነበር። ኮርኒስህ ውስጥ ንብ ገብቶ ቅዳሜ መርዝ ልታስረጭ እንደሆነ ነገረኝ።

ይውጡልኝ ማለትህ ነውር የለውም። እናቴ ብትሆን «ገድ ነው፣ ተዋቸው» ትልህ ነበር። ገድ ግን ከልጆችህ አይበልጥም። የንብ አለርጂ ያለበትን ሰው አንዲት ንብ ልትገድለው ትችላለች። የእኔ ነገር አወጣጣቸው ላይ ነው።

ገና መንጋ ሆነው ዛፍ ላይ ተንጠልጥለው ቢሆን ኖሮ አትንካቸው እልህ ነበር። ቤት ፈላጊዎች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ከሰዓታት ወይም ከጥቂት ቀናት በኋላ ተነስተው ይሄዳሉ። ኮርኒስ ገብተው የማር እንጀራ ከሠሩ ግን ማርም እጭም አላቸውና ቤታቸውን ይጠብቃሉ።

መርዙ ርካሽ የመሰለህ ዋጋውን ሌላ ሰው ስለሚከፍልልህ ነው። የተመረዘው ማር እዚያው ይቀራል። ጠባቂ የለውምና የሌላ ሰው ንቦች ሊዘርፉት ይመጣሉ፤ መርዙንም ይዘው ቀፏቸው ይገባሉ። ከከተማው ዳር በጥቂት ቀፎ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ምን አደረገህ? ላንተም ቢሆን ማሩ በኮርኒሱ እየተንጠባጠበ ጉንዳንና አይጥ ይጠራብሃል። ቀዳዳውን በሲሚንቶ ልድፈነው እንዳትል ደግሞ፤ መውጫ ሲያጡ ሳሎንህ ነው የሚመጡት።

እናቴ ቤት ግድግዳ ውስጥ ገብተው የነበሩትን ያወጣው አንድ ንብ አናቢ ነው። ቀሳሚዎቹ ሲገቡ፣ አመሻሽ ላይ መጣ። አጨሰባቸው። እንጀራውን በቢላ እየቆረጠ፣ እጭ ያለበትን ለይቶ በክር ፍሬም (የቀፎው የእንጨት ክፈፍ) ላይ አሰረው። እጮቹ እንደ ሩዝ ነጫጭ ናቸው። ንግሥቲቱን ፈልጎ ቀፎው ውስጥ ሲያስገባት፣ ደጃፉ ላይ ያሉት ጭራቸውን ሽቅብ ሰቅለው ክንፋቸውን ያርገበግቡ ጀመር። «በጠረናቸው እየጠሯቸው ነው» አለኝ። እውነትም የቀሩት ተግተልትለው ገቡ። በመጨረሻ ግድግዳውን ፍቆ፣ ሰፈፉን አጽድቶ ደፈነው፤ ሽታው ከቀረ ሌላ መንጋ ይመጣል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ማሩን ብቻ ብሎ የሚመጣ አለ። ማሩን ቆርጦ፣ እጩን መሬት ላይ በትኖ ይሄዳል። እሱ ከመርዙ በምን ይሻላል? ማሩን ውሰድ፣ ንቦቹንም በቀፎ ይዘህ ሂድ ብለህ አስቀድመህ ተዋዋል። የወረዳችሁን ግብርና ጽሕፈት ቤት ብትጠይቅ የሚያውቁት አናቢ አይጠፋም።

የሚያወጣ ሰው ጨርሶ ካጣህና ቤት ውስጥ አለርጂ ያለበት ካለ፣ አስረጭ። አልፈርድብህም። ብቻ እንጀራውን በሙሉ አስወጥተህ ቅበረው፤ ማሩን ሰውም ንብም እንዳይቀምሰው።

እስከዚያ በየት በኩል እንደሚገቡ ከራቅ ብለህ ፎቶ አንሳና በቴሌግራም ላክልኝ። ለዚያው ለእናቴ አናቢ አሳየዋለሁ። ቅዳሜን ደግሞ ለሳምንት አራዝማት።

ወዳጅህ