«ሴት ሮከር» የሙዚቃ ስልት አይደለም

ለአዘጋጁ፦

ስለ ሮክ ሴቶች ያወጣችሁት ጽሑፍ ጃኒስ ጆፕሊንን፣ ፓቲ ስሚዝንና ጆአን ጄትን በአንድ ረድፍ አስቀምጧል። የሚያገናኛቸው ግን ሴትነታቸው ብቻ ነው። ጆፕሊን የብሉዝ፣ ማለትም ከጥቁር አሜሪካውያን የመነጨው ሙዚቃ፣ ዘፋኝ ናት። ስሚዝ ግጥሟን ይዛ ወደ ኒው ዮርክ ፐንክ፣ ወደ ፈጣኑና ሻካራው የሮክ ዓይነት፣ የገባች ገጣሚ ናት። የሮሊንግ ስቶንሱን ሚክ ጃገርንና የኒርቫናውን ከርት ኮቤንን «ወንድ ሮከሮች» ብሎ አንድ ላይ የሚያጭቅ አድማጭ እስካሁን አላጋጠመኝም።

አመዳደቡ ታሪክንም ያዛባል። ሲስተር ሮዜታ ታርፕ፣ ብዙዎች የሮክ አባት የሚሉት ጊታሪስት ቸክ ቤሪ በ1955 የመጀመሪያ ሸክላውን ከማሳተሙ ዓመታት በፊት፣ ኤሌክትሪክ ጊታር እየመታች ትዘፍን ነበር። አጨዋወቷን የሰማ ሰው የሮክ አባት ማን እንደሆነ መከራከሩን ትቶ የሮክ እናት ማን እንደሆነች ይጠይቃል። ግን መዝሙር ስለምትዘምር «ጎስፔል» ተባለች፤ በዚያው ተረሳች። በአሜሪካ የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ቤሪ በ1986 ሲገባ እሷ የገባችው በ2018 ነው፤ ያውም «ቀደምት ተጽዕኖ» በሚለው ዘርፍ። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ ቀጣዩን ዝርዝር በሥራቸው አደራጁት። ታርፕን ከቤሪ ጎን ከጊታሪስቶች፣ ሱዚ ኳትሮን ከቤዝ ጊታር ተጫዋቾች፣ ስሚዝን ከፐንክ ጀማሪዎች ጋር አስቀምጡ። ለሴቶች ብቻ የተለየውን ዓምድም አስቀሩት።