የቅርስ ክበብ፦ ማሰሮዎቻችን ለምን ፈረሱ?

ዘንድሮ የቅርስ ክበባችን 14 አባላት ነበሩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአማርኛ ትምህርት በኋላ ለአንድ ሰዓት እንገናኛለን። ዓመቱን ሙሉ የያዝነው አንድ ጉዳይ ነው፤ ኮሎምበስ ከመምጣቱ በፊት የዚህ አገር፣ የአሜሪካ፣ ነባር ሰዎች የሠሩት ሸክላና ከድንጋይ የጠረቡት ምስል። ልጆቻችን የተወለዱት እዚሁ አትላንታ ነው። ላሊበላን ያውቃሉ። አንድ ሰዓት ገደማ የሚያስነዳውን የነባሮቹን ጥንታዊ መንደር ኤቶዋን ግን አንዳቸውም አያውቁትም ነበር። ይሄ በጣም ቆጨኝ።

ጥቅምት ላይ ሄድን። ኤቶዋ ካርተርስቪል ከተማ አጠገብ፣ ወንዝ ዳር ነው። ከአሜሪካ ነባር ነገዶች አንዱ የሆኑት የዛሬዎቹ የመስኮጊ ሰዎች አያት ቅድመ አያቶች ከ1000 እስከ 1550 ኖረውበታል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። ትልቁ የአፈር ጉብታ ቁመቱ 19 ሜትር ነው። ፈረስ የለ፣ ጋሪ የለ፤ አፈሩን በቅርጫት ተሸክመው ነው የቆለሉት። ልጆቹ ደረጃውን እየተሽቀዳደሙ ወጡት።

በ1954 እዚያ ሲቆፈር ከመቃብር ውስጥ ሁለት የእብነ በረድ ምስሎች ወጥተዋል፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። ክፍል ውስጥ ፎቶአቸውን ስናይ አንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ መቃብር ውስጥ ከነበሩ ለምን አወጧቸው?» አለችኝ። ያዘጋጀሁትን ትምህርት ተውኩት። ከመቃብር የወጣ አጽምና ዕቃ ለነገዶቹ እንዲመለስ በ1990 ስለወጣው ሕግ ተነጋገርን። አንድ ልጅ ከመቅደላ የተወሰዱትን ታቦታት አነሳ። ክርክሩ ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። ከዓመቱ ሁሉ አብልጬ የምወደው እነዚያን ሁለት ቅዳሜዎች ነው።

ልጆቹ የወደዱት ምስል ግን የኤቶዋ አይደለም። ኢሊኖይ ውስጥ፣ ካሆኪያ ከሚባለው የነባሮቹ ጥንታዊ ከተማ አጠገብ በ1979 የተገኘ ነው። ቁመቱ 20 ሳንቲሜትር ቢሆን ነው። አንዲት ሴት ተንበርክካ ትቆፍራለች። የምትቆፍረው መሬት አይደለም፤ የእባብ ጀርባ ነው። የእባቡ ጭራ ሐረግ ሆኖ በሴትየዋ ጀርባ ሽቅብ ይወጣል፤ ሐረጉም ቅል አፍርቷል።

ከጥር በኋላ ወደ ጭቃው ገባን። የዚያ ዘመን ሸክላ ሠሪዎች ማሽከርከሪያ አልነበራቸውም። ጭቃውን እንደ ገመድ እያድቦለቦሉ፣ እየደራረቡ፣ በእጅ እያለሰለሱ ነው የሚያቆሙት። እንዳይሰነጠቅ የወንዝ ዛጎል ፈጭተው ይቀላቅሉበታል። ይህን ስናገር የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ የመጡ እናት በር ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። «እኛ ዘንድ የሚገባው ገል ነው፤ ተወቅጦ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ የክበቡ አባል ሆኑ።

11 ማሰሮ ሠራን፤ በኤሌክትሪክ ምድጃ ተተኮሱ። አምረው ወጡ። በሳምንቱ ስንመጣ ፍርፋሪ ሆነው አገኘናቸው። ያለቀሱ ልጆች ነበሩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሙቀቱን አብዝቼዋለሁ። ዛጎል ከመጠን በላይ ሲግል ኖራ ይሆናል። ኖራው ደግሞ ከአየር እርጥበት ስቦ ያብጣል፤ ሸክላውን ከውስጥ ይሰባብረዋል። የጥንቶቹ እሳታቸውን ለዘብ ያደርጉ የነበረው ለዚህ ነው።

ሚያዝያ ላይ በአንድ ወላጅ ጓሮ፣ በእንጨት እሳት ደገምነው። እማማ ወንበራቸውን አስጠግተው ተቀመጡ። እንጨት ሊጨምር የሮጠውን ሁሉ «ተው፣ ቀስ በል!» ይሉት ነበር። ከ9 ማሰሮ 6ቱ ተረፉ። አንዱ የእንቁራሪት ቅርጽ አለው፤ አንድ ዓይኑ እሳት ውስጥ ቀርቷል።

አሁን ክፍላችን መስኮት ላይ ተደርድረዋል። ልጆቹ ቅዳሜ ሲገቡ ቦርሳቸውን ሳያወርዱ ይቆጥሯቸዋል። እስካሁን ስድስት ናቸው።