ምላጭ ያልነካው ካርቶን፦ ለብሪታንያ የጤና ሚኒስትር ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለክቡር የብሪታንያ የጤናና የማኅበራዊ እንክብካቤ ሚኒስትር
ከአሊካንቴ፣ ስፔን

ክቡር ሚኒስትር፣

የዚህን ደብዳቤ የእንግሊዝኛ ቅጂ በፖስታ ልኬልዎታለሁ። አማርኛውን ያወጣሁት ለቋንቋዬ ሰዎች ነው። በጋራዥ፣ በሆስፒታልና በሆቴል ጓዳ ሲሠሩ ኖረው ሃምሳዎቹን ሲያጋምሱ «ወደ ሞቃት አገር ሄጄ ልረፍ» የሚሉ ሰዎች ስልክ ይደውሉልኛል። የቤት ኪራይና የአየሩን ሁኔታ ጠይቀው ሲጨርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስትታመም ግን ማን ያክምሃል?» ይላሉ። እኔ ራሴ ለንደን ስሠራ ኖሬ፣ የጡረታ ዕድሜዬ ሳይደርስ ሥራ አቁሜ ወደ ስፔን የመጣሁ ነኝና መልሱ በስልክ የሚያልቅ አይደለም። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከመድኃኒት ቤት ልጀምር። እዚህ ስፔን የመድኃኒት ባለሙያዋ ክኒኑን ከመስጠቷ በፊት በትንሽ ምላጭ ከካርቶኑ ጎን ባርኮድ ያለባትን ቁራጭ ትቆርጥና ወረቀት ላይ ትለጥፋለች። ለመንግሥት ሂሳብ የሚጠየቀው በዚያች ቁራጭ ነው፤ ታካሚው ድርሻውን ይከፍላል፣ የቀረውን መንግሥት ይሸፍናል። ጎረቤቴ ከማንቸስተር የመጡ የ71 ዓመት ሰው ናቸው። እኔ የምውጠውን የደም ግፊት መድኃኒት እሳቸውም ይውጣሉ። የእሳቸው ካርቶን ጎኑ ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚከፍሉትም ከዋጋው 10 በመቶውን ነው። የእኔ ካርቶን ምላጭ ሳይነካው እንደታሸገ ይወጣል፤ ሙሉ ዋጋውን ከፍዬ። አንድ ቀን ባለሙያዋ በልማድ ምላጯን አነሣች፤ ኮምፒውተሩን ስታይ መልሳ አስቀመጠችው። ጥፋቱ የእሷ ይመስል አንገቷን ደፋች።

በእኔና በጎረቤቴ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ወረቀት ነው፤ ስሙ ኤስ 1 ይባላል። የብሪታንያ መንግሥት ለስፔን መንግሥት «ይህ ሰው የእኔ ነው፣ አክሙልኝ፣ ወጪው በእኔ» የሚልበት ወረቀት ነው። ይህን ወረቀት የያዘ ጡረተኛ በስፔን ጤና ጣቢያ እንደ ስፔናዊ ጡረተኛ ይስተናገዳል። ወረቀቱ የሚሰጠው ግን የመንግሥት ጡረታ መቀበል ለጀመረ ነው። የጡረታው ዕድሜ 66 ነበር፤ ከ2026 እስከ 2028 ባለው ጊዜ ደረጃ በደረጃ ወደ 67 ይወጣል። እኔ የተወለድኩት በሜይ 1963 ስለሆነ ኤስ 1 እጄ የሚገባው በሜይ 2030 ነው። ሥራ ያቆምኩት በ2019፣ 56 ዓመት ሊሞላኝ ሲል ነው። አሥራ አንድ ዓመት መካከል ላይ ቀረ።

ማንም ከሥራዬ አልገፋኝም። በአውቶቡስ ጋራዥ በሌሊት ተራ ስሠራ ኖሬ ጉልበቴ ሲያንስ፣ ቤታችንን ሸጠን በቁጠባችን ለመኖር የወሰንን እኔና ባለቤቴ ነን። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የተበደለ ሰው እሮሮ አድርገው አያንብቡብኝ። ባለቤቴም ረቂቁን አንብባ «አታካብደው፣ ባሕር ዳር ተቀምጠህ ነው የምትጽፈው» ብላኛለች።

ሆኖም የመጀመሪያውን ዓመት መናገር አለብኝ። ያን ጊዜ ብሪታንያ ገና የአውሮፓ ኅብረት አባል ስለነበረች የምንተዳደረው በኅብረቱ መመሪያ ነበር። የ2004ቱ የነጻ እንቅስቃሴ መመሪያ፣ ሥራ የሌለው ሰው ከሦስት ወር በላይ በሌላ አባል አገር ለመኖር በቂ ገንዘብና የተሟላ የጤና መድን ሊኖረው ይገባል ይላል። ከአንድ የግል ድርጅት መድን ገዛን። ውሉን ተርጉሜ ያነበብኩት ከፈረምኩ በኋላ ነው፤ በገጹ ግርጌ «ቀድሞ የነበረ በሽታ አይሸፈንም» ይላል። የደም ግፊቴ ቀድሞ የነበረ ነው። እግሬን ብሰበር የሚያክመኝ ድርጅት፣ ልቤን ቢያመኝ ሊከራከረኝ ተዘጋጅቶ ነበር።

ስፔን ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ከ2013 ጀምሮ አንድ በር ከፍታለች። «ኮንቬኒዮ ኤስፔሲያል» ይባላል፤ ልዩ ስምምነት ማለት ነው። ቢያንስ አንድ ዓመት በነዋሪነት የተመዘገበ ሰው፣ ከ65 ዓመት በታች ከሆነ በወር 60 ዩሮ፣ 65 ከሞላው ደግሞ 157 ዩሮ እየከፈለ በመንግሥት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ይታከማል። ቀድሞ የነበረ በሽታ አለህ ወይ ብሎ የሚመልሰው የለም። ባልና ሚስት ግን እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው ይከፍላሉ፤ ከሆስፒታል ውጪ ያለ መድኃኒትም በውሉ አይካተትም። የካርቶኔ ምስጢር ይህ ነው።

የእኛ አንድ ዓመት የሞላው በኤፕሪል 2020 ነበር። ስፔን በማርች 14 የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ አውጃ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ተዘግቷል። የመድን ውላችን አልቋል፤ አድሱት ብንል ዋጋው ጨምሮ ይጠብቀናል፤ ወደ ለንደን እንመለስ ብንል አውሮፕላን የለም። ለንደን ብንደርስስ፣ ነዋሪነታችንን ለቀን ወጥተናል። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆንን። ለአራት ወራት ያህል የኖርኩት በጠዋት አንድ ክኒን፣ በማታ አንድ ጸሎት ይዤ ነው። ክኒኑንም ለሁለት እየገመስኩ የዋጥኩባቸው ሳምንታት ነበሩ፤ ይህን ባለቤቴ የምታውቀው ደብዳቤውን ስታነብ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ጉዳይ ልምጣ። ይህ የመካከል ክፍተት ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። እስከ 2014 ድረስ ብሪታንያ ቀድመው ሥራ ለሚያቆሙ ሰዎች፣ በቅርብ ዓመታት የከፈሉትን የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ አይታ ጊዜያዊ ኤስ 1 ትሰጥ ነበር፤ እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ድረስ ያገለግል ነበር። በዚያ ዓመት ቀረ። እኔ ከአምስት ዓመት በፊት ሥራ አቁሜ ቢሆን ኖሮ ያ ወረቀት የስፔኑ በር እስኪከፈት ድረስ በሚገባ ያሻግረኝ ነበር፤ ክኒን ለሁለት መግመስም ባላስፈለገኝ።

«ለ34 ዓመታት መዋጮ ከፍያለሁ» የሚለው ክርክር በሕግ ፊት ደካማ መሆኑን አውቃለሁ። ብሔራዊ የጤና አገልግሎታችሁ በጁላይ 5፣ 1948 ሲመሠረት መብቱን ያሰረው ከመዋጮ ጋር ሳይሆን ከነዋሪነት ጋር ነው። አንድ ቀን ያልሠራ ነዋሪ በነጻ ይታከማል፤ ዕድሜ ልኩን ከፍሎ ከአገር የወጣ አይታከምም። ይህን መርህ አልቃወምም፤ እንዲያውም ባለውለታው ነኝ። በ1985 ለንደን በገባሁ በስድስተኛው ሳምንት ትርፍ አንጀቴ ታሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ያን ጊዜ አንዲት ሳንቲም አልከፈልኩም፤ የደመወዝ ወረቀት ያለኝ እንደሆነም የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ግን መርሁን ራሳችሁ ለጡረተኛው ትታችሁለታል። ጎረቤቴ የሚኖሩት እንደኔው ስፔን ነው። ኤስ 1 ያገኙት ነዋሪ ስለሆኑ ሳይሆን የመንግሥት ጡረታ ስላላቸው ነው፤ ጡረታው ደግሞ የሚገኘው በመዋጮ ዓመታት ነው። ለትንሹ ጡረታ 10 ዓመት፣ ለሙሉው 35 ዓመት ይጠየቃል። ስለዚህ 10 ዓመት ብቻ ከፍሎ የጡረታ ዕድሜው የደረሰ ሰው ወረቀቱን ያገኛል፤ 35 ዓመት ሞልቶለት ዕድሜው 60 የሆነ ሰው አያገኝም። ሁለቱም ከአገር ወጥተዋል። የልዩነቱን ምክንያት ስፈልግ የማገኘው የልደት ቀን ብቻ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ደብዳቤውን እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው። የእኔ የመዋጮ ዓመታት 34 ነበሩ። አንዷ ጎደለች። እዚሁ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ለገቢዎች መሥሪያ ቤታችሁ ጻፍኩ፤ በፈቃደኝነት የሚከፈለውን መዋጮ ከባንክ ላክሁ፤ ዓመቷም ተመዘገበችልኝ። ከውጭ አገር ሆኜ፣ ሥራ ሳይኖረኝ፣ የጡረታ ዓመት ገዛሁ! መንግሥታችሁ በአንድ መስኮት «የጎደለህን ክፈልና ሙላ» ይለኛል፤ በሌላው መስኮት ግን የጤናውን ብጠይቅ የሚሸጥ ነገር የለም። እኔ ነጻ ስጡኝ አላልኩም። ሽጡልኝ ነው የምለው።

ሐሳቤ ይህ ነው። 35 ዓመት የሞላለት ሰው ከብሪታንያ ሲወጣ፣ የጡረታ ዕድሜው እስኪደርስ ድረስ በፈቃዱ መዋጮ እየከፈለ ኤስ 1 ይግዛ። ዋጋውን የእርስዎ ባለሙያዎች ያስሉት፤ ከስፔኑ 60 ዩሮ ቢበልጥም አልደነቅም። «የሚገዛው የታመመ ብቻ ይሆናል» የሚል ባለሙያ እንደሚኖር እገምታለሁ፤ ትክክል ነው። ለዚህም ገደብ አብጁለት፦ ከአገር በወጣ በስድስት ወር ውስጥ ያልገዛ በኋላ አይግዛ፤ ሦስት ወር ሳይከፍል የቀረ ይውጣ። ጤነኛ ሆኖ ያልከፈለ ታሞ አይመጣም ማለት ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ያላችሁ ስምምነት ይፍቀድ አይፍቀድ የሕግ አዋቂዎቻችሁ ያዩታል፤ እኔ የማውቀው ከ2014 በፊት ወረቀቱ ይሰጥ እንደነበር ነው። ይህ ሁሉ ከበዛ ያችን የሁለት ዓመት ተኩል ወረቀት መልሱ። አዲስ ሰው የሚጎዳው በመጀመሪያው ዓመት ነውና እሷም ብትሆን ትልቅ ነገር ናት።

ስልክ ለሚደውሉልኝ ወዳጆቼ እዚህ ላይ ጣልቃ ልግባ። ብዙዎች «ጂሂክ» የሚባለውን የጉዞ የጤና ካርድ ይዘው ይመጡና ችግሩ የተፈታ ይመስላቸዋል። ያ ካርድ ለጎብኚ ነው፤ ነዋሪ ከሆናችሁ አይሠራም። አሜሪካ የሚኖሩትም እንዲሁ ይጠይቁኛል፦ ሜዲኬር በ65 ዓመት ይጀምራል፤ ቢጀምርም ከጥቂት ሁኔታ በስተቀር ከአሜሪካ ውጪ ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም። ሌላው ደግሞ አንድ አገር ዛሬ የከፈተውን በር ነገ ሊዘጋው እንደሚችል አትርሱ። ፈረንሳይ በ2007 ሥራ የሌላቸውን ቀድመው ጡረታ የወጡ አውሮፓውያን ከመንግሥት የጤና መድን ለማስወጣት ተነሥታ ነበር፤ ቀድመው የገቡትን የተወችው ጩኸቱ ከበረታ በኋላ ነው። በ2016 መድኑን በነዋሪነት ላይ አቆመችው፤ አሁን በመደበኛነት ሦስት ወር የኖረ ሊያመለክት ይችላል።

የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በጁላይ 15፣ 2021 በአንድ ጉዳይ ፈርዷል። አንድ ጣሊያናዊ ወደ ላትቪያ ተዛወረ፤ ሥራ ስላልነበረው የመንግሥት የጤና መድን ከለከሉት። ፍርድ ቤቱ «መዝግቡት፤ በነጻ ግን እንዲሆን አትገደዱም» አለ። እኔ የምለውን በሌላ አነጋገር ነው ያለው፤ ያስገቡት፣ ይክፈል። እኔ ጣሊያናዊ ስላልሆንኩ ብዙም አይረዳኝም፤ ደስ ግን ብሎኛል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሴት ልጄ ለንደን ናት፤ ሁለት ልጆች አሏት። ከ2015 ጀምሮ የብሪታንያን ኤስ 1 የያዘ ጡረተኛ ለጉብኝት እንግሊዝ ሲመጣ በነጻ ይታከማል። እኔ ግን ልጆቹን ለማየት ስመጣ የጉዞ መድን እገዛለሁ፤ ድንገተኛ ክፍል ቢቀበሉኝም አልጋ ከያዝኩ በኋላ የመደበኛውን ዋጋ 150 በመቶ ልጠየቅ እችላለሁ። ባለፈው የገና በዓል ትንሹ ልጅ «አያቴ፣ ለምን እዚህ አትቀርም?» ሲለኝ፣ የመድኑ ውል በአሥራ አራተኛው ቀን እንደሚያልቅ እንዴት አድርጌ እንደማስረዳው ጠፋኝ። ዕድሜው አምስት ነው። «አውሮፕላኑ ይጠብቀኛል» አልኩት።

ክቡር ሚኒስትር፣ በሜይ 2028 65 ዓመት ይሞላኛል። የዚያን ወር የስፔኑ ክፍያ ከ60 ወደ 157 ዩሮ ይወጣል፤ ኤስ 1 እስኪመጣ ደግሞ ሁለት ዓመት ይቀረኛል። ሂሳቡን ኩሽና ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ጠርዝ ላይ ጽፌዋለሁ። መልስዎ ከዚያ ወር በፊት ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል። ስሜንና አድራሻዬን በእንግሊዝኛው ቅጂ ላይ ያገኙታል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የአውቶቡስ መካኒክ