ታይሄዲያን የዘወትር ችሎት አልነበረም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ቤጂንግ የነገሥታት ግቢ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ሆኖም ታላቁ አዳራሽ ታይሄዲያን ንጉሠ ነገሥቱ በየቀኑ ተቀምጦ ጉዳይ የሚሰማበት ተደርጎ መቅረቡ ስሕተት ነው። በመጨረሻው የቻይና ሥርወ መንግሥት፣ በቺንግ ዘመን፣ የዕለት ተዕለቱ ሥራ የሚከናወነው ወደ ውስጠኛው ግቢ ገባ ብሎ ነበር። ታይሄዲያን የሚፈለገው ለበዓለ ንግሥ፣ ለአዲስ ዓመት፣ ለንጉሠ ነገሥቱ ልደትና ለመሳሰሉት ታላላቅ በዓላት ነበር።

ያኔም ቢሆን አብዛኞቹ ሹማምንት ዙፋኑ አጠገብ ዝር አይሉም ነበር። ከሦስት እርከን የእብነ በረድ መደብ በታች፣ በተንጣለለው ሜዳ ላይ፣ ማዕረጋቸውን በሚያመለክቱ የነሐስ ምልክቶች ተሰልፈው ሦስት ጊዜ ይንበረከኩ፣ ዘጠኝ ጊዜ ግንባራቸውን መሬት ያስነኩ ነበር። በጥር ብርድ! እ.ኤ.አ. በ1908 የነገሠው የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት ፑዪ ሦስት ዓመት እንኳ ያልሞላው ሕፃን ነበርና ይህ ሁሉ ሲደረግ ያለቅስ ነበር።

አሁን ያለውን አዳራሽ የመጀመሪያው አድርጎ ያቀረበው የፎቶው መግለጫም ይስተካከል። እ.ኤ.አ. በ1420 የተጠናቀቀው አዳራሽ በዓመቱ መብረቅ ወድቆበት ተቃጥሏል። አሁን ቆሞ የምናየው፣ ደጋግሞ ከተቃጠለና ከታነጸ በኋላ፣ በ1695 በንጉሠ ነገሥት ካንግሺ ዘመን ግንባታው የተጀመረው ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ