ልጄ፣ የሞላ ወንዝ ብቻሽን አትሻገሪ

ከሐይቅ

ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ክረምቱ ሲገባ ጉልበቴ ብቻ እንደ ልማዱ ማስቸገር ጀምሯል። ወንድምሽ ደህና ነው። ላሟም በሰላም ተገላግላለች። ይህን ካልኩ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

የመሥሪያ ቤታችሁ ሾፌር ለዒድ ወደ አገሩ ሲመጣ የላክሽውን ማር ሊያደርስልኝ እቤት ድረስ መጣ። ምሳ አበላሁት፣ ቡና አፈላሁለት። ደግ ሰው ነው፤ አፉን መያዝ ግን አይችልም። ሁለተኛው ስኒ ላይ ሁሉንም ዘረገፈው። ከቦንጋ ወዲያ ያለው ወንዝ ሞልቶ ሳለ፣ ተክል የምትጫኚበትን ጣውላ ጭንቅላትሽ ላይ አድርገሽ ብቻሽን ተሻገርሽ አሉ። ያውም ከወባ በተነሣሽ ሰሞን! «ውሃው ደረቷ ድረስ ነበር» ሲለኝ ጀበናው ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። አንቺ ግን በስልክ «ሁሉም ሰላም ነው እማዬ» ነበር ያልሽኝ።

በጽሑፍ ይኑርሽ ብዬ ነው የምጽፈው፤ የሞላ ወንዝ ብቻሽን አትሻገሪ።

ሥራሽን ንቄ አይደለም። ያገኘሽው አበባ የእንሶስላ ዘመድ መሆኑን ስትነግሪኝ እናቴ አልገባትም ብለሽ አትገምቺ። እንሶስላ ያለችበት ኢምፓቲየንስ የሚባለው ወገን በዓለም ላይ ከ1,000 በላይ ዝርያ አለው፤ ብዙዎቹም ከአንድ ተራራ ወይም ከአንድ ጫካ ውጭ አይገኙም። አበባው ከመሳሳቱ የተነሣ ጋዜጣ ውስጥ ሲጫን እንደ ረጠበ ሶፍት ይጣበቃል፤ ደርቆ ሲወጣ መልኩም ቅርጹም ጠፍቶ ነው። ስለዚህ ከንፈሩንና ከኋላው የሚረዝመውን ጅራቱን በትኩስነቱ ፈታትተሽ መለካት፣ ቀለሙን እዚያው መጻፍ፣ ጥቂት አበባም አልኮል ውስጥ መንከር አለብሽ። ይህ ሁሉ ገብቶኛል። ያልገባኝ ጥድፊያው ነው።

አንቺው አይደለሽ የነገርሽኝ? በ2010 በአውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች የምጽፈውም ዓመት ሁሉ በዚሁ ነው) በወጣው ጥናት፣ አዲስ ተብለው ስም ካገኙት አበባማ ዕፅዋት ውስጥ በተሰበሰቡ በ5 ዓመት ጊዜ የተሰየሙት 16 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሩብ ያህሉ ደግሞ የደረቀ ተክል በሚከማችበት ቤት፣ በየሄርባሪየሙ ሣጥን ውስጥ ከ50 ዓመት በላይ ስም ሲጠብቁ ኖረዋል። 50 ዓመት የሚጠብቅ ቅጠል፣ ወንዙ እስኪጎድል አንድ ከሰዓት በኋላ መጠበቅ ያቅተዋል? አበባው ይረግፍብኛል ትዪ ይሆናል። ይርገፍ። በዓመቱ ያብባል።

ክኒኑን ደግሞ ትኩሳቱ ሲለቅሽ እንዳታቋርጪ፤ ሦስቱንም ቀን ጨርሺው። አጎበሩም ድንኳን ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጥ ብዬ አይደለም የገዛሁልሽ።

ያንን ፈረንሳዊስ ረሳሽው? አንቷን ፔቲን። አንቺው ነሽ ቡና ላይ ያጫወትሽኝ፤ አገራችን መጥቶ ዕፅዋት ሲሰበስብ ቆይቶ በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ በላው። ጓደኛው ካርቲን-ዲሎን ከእሱ በፊት በመረብ ሸለቆ ንዳድ ገድሎታል። የለቀሙት ቅጠል ግን ፓሪስ ገባ። አሺል ሪሻር የሚባለው ምሁር ያንን ይዞ የሐበሻን ዕፅዋት መጽሐፍ ከ1847 እስከ 1851 አሳተመ። የእንሶስላም የሳይንስ ስም የእሱ ነው፤ እስከ ዛሬ ከስሟ ቀጥሎ የሚጻፈው ሪሻር ነው፣ አዞ የበላው ሰው አይደለም። አንቺ ስቀሽ ነበር። እኔ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም፤ የፈረንሳዊው ነገር ግን አልነበረም እንቅልፍ የነሣኝ።

አክስትሽ ሚሌ ወንዝ ላይ መቅረቷን ታውቂያለሽ። ምን ልታመጣ እንደ ሄደች ግን እኛ ቤት ተነሥቶ አያውቅም። እንሶስላ ልትቆፍር ነው የሄደችው፤ ለእኔ ሠርግ።

ሂና ከገበያ ይገኝ ነበር፤ እናታችንም ገዝታ ነበር። አክስትሽ ግን የእህቴ እጅ ያለ እንሶስላ አይዳርም አለች። ከሱሉላ በታች፣ ገደሉ ጥላ የሚጥልበት፣ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ቦታ ታውቅ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ቅጠል ለይታ ታውቃለች። አንቺ በአጉሊ መነጽር የምታዪውን የቅጠል ጠርዝ እሷ በጣቷ ዳብሳ ትለየዋለች፤ ይህ ሥሩ ያቀላል፣ ይህ አያቀላም ትላለች፣ ተሳስታም አታውቅም። ፍሬው ሲበስል ደግሞ ቀስ ብላ ጉንጬ አጠገብ ታመጣና ትነካዋለች፤ ጠሽ ብሎ ሲፈነዳ እኔ እጮኻለሁ፣ እሷ ትንከተከታለች። አንቺም ሕፃን ሳለሽ ይህንኑ በድመቷ ላይ ታደርጊው ነበር፤ ማን እንዳስተማረሽ እንጃ።

የዚያን ቀን እኛ ዘንድ ፀሐይ ነበር። ዝናቡ የጣለው ከላይ ደጋው ላይ ነው። ደራሽ ውሃ ከታች ላለ ሰው ሰማይ አይቶ አይታወቅም። ስትሻገር ያያት እረኛ ጮኾ ነበር፤ ብቻዋን ስለነበረች እጇን የሚይዝ አልነበረም። ስትገኝ ሥሩ መቀነቷ ውስጥ እንደታሰረ ነው። ሠርጉ ተላልፎ በኋላ ስዳር ሂናም እንሶስላም አልነካሁም፤ ከዚያ ወዲህም ለማንም ሠርግ ነክቼ አላውቅም። ሰው ሃይማኖተኛ ሆና ነው ይላል። ይበሉ።

እንግዲህ አበባውን በእሷ ስም ልሰይመው ያልሽኝ ሳታውቂው ነው። ደስ አላለኝም አልልም። በ2022 ካሜሩን ውስጥ በኢቦ ጫካ የተገኘ ዛፍ፣ ጫካው እንዳይቆረጥ ስለተሟገተ በአሜሪካዊው ተዋናይ በዲካፕሪዮ ስም ከተሰየመ፣ ቅጠል ፍለጋ የሞተች ወሎዬ ምን ያንሳታል? ነገር ግን ቦታውን ያሳየሽን ማር ቆራጭ ሽማግሌ አትርሺ። ናሙናው ላይ በሚለጠፈው ወረቀት ከስምሽ ጎን የእሱም ስም ይጻፍ።

ደግሞም ከስሙ በፊት አዲስነቱ ይጣራ። አዲስ አበባ ብሔራዊ ሄርባሪየም ገብተሽ ከዘመዶቹ ጋር አስተያዪው። ከ1980 እስከ 2009 የፈጀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ 6,000 ያህል ዝርያ መዝግቧል፤ ከዚያ ውስጥ አለመኖሩን ብቻ ሳይሆን ጎረቤት አገር በሌላ ስም አለመታወቁንም እዪ። ስሙ የሚታሰርበት ዋናው ናሙና እዚሁ አገር ይቀመጥ፤ የፓሪሱና የለንደኑ ቅጂው ይድረሳቸው። በዚህ ላይ እንዳትለሳለሺ።

አሁን የምልሽን ስሚ። ወንዝ ካለ ሁለት ሰው፣ አንድ ገመድ። አለቆችሽ «ረዳት የሚከፈልበት በጀት የለም» ካሉ እኔ እከፍላለሁ፤ የላሟ ወተት አለ። ሰው ከሌለ ከወዲህ ማዶ ያለውን ቅጠል ልቀሚ። የሞላ ወንዝ ብቻሽን አትሻገሪ፤ ያልሞላውንም ቢሆን ላይኛው አገር ዘንቦ እንደሆነ ሳትጠይቂ እግርሽን አታስገቢ።

በሾፌሩ በኩል በሶና ድርቆሽ ልኬልሻለሁ። አረንጓዴ ክዳን ያለው ጣሳ ውስጥ ያለው በርበሬ ነው፤ ጣሳውን መልሺልኝ፣ የእህቴ ልጅ ዕቃ ነው። መታወቂያሽ ጊዜው ሊያልፍበት ስለሆነ ቦንጋ ስትወጪ አሳድሺ። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ደውዪ። አብሽሪ፣ አልቆጣም፤ ብቻ እውነቱን ንገሪኝ። ባትነግሪኝም ሾፌሩ የተሻገርሽውን ወንዝ ሁሉ ሊነግረኝ ቃል ገብቷል፤ ምሳውን ወዶታል።

እናትሽ