የፊልሙ ባለቤት ማን እንደሆነ ጠይቂ

ልጄ ማህሌት፣ ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አባትሽም ጉልበቱ ተሽሎት ወደ ሥራው ተመልሷል።

የላክሽልኝን የበርሊን ፊልም ፌስቲቫል ፕሮግራም ሌሊት ተረኛ ሆኜ ፓርኪንጉ ውስጥ አነበብኩት። መኪና የማይገባበት ሰዓት ስለነበር እያንዳንዱን ገጽ በስልኬ እያሰፋሁ ነው ያየሁት። ፌስቲቫሉ ለጀማሪ የፊልም ባለሙያዎች የሚያዘጋጀው በርሊናሌ ታለንትስ ከመላው ዓለም ከሚያመለክተው ሁሉ ወደ 200 ሰው ብቻ ነው የሚቀበለው። ከነዚያ አንዷ አንቺ መሆንሽን የሰማሁ ቀን እንዴት እንደሆንኩ አባትሽ ነግሮሻል፣ አልደግመውም። አሁን የምጽፍልሽ እዚያ ስትደርሺ እንድታደርጊልኝ ስለምፈልገው ነገር ነው።

ምልክት ያደረግሽባቸውን ፊልሞች አየኋቸው። አብዛኞቹ ማታ ማታ በዋናው አዳራሽ በበርሊናሌ ፓላስት የሚታዩ፣ ቀይ ምንጣፍ ያለባቸው ናቸው። እይ፣ ደስ ይበልሽ። ግን እነዚያ ፊልሞች ጥቂት ወራት ቆይተው ኒውዮርክ ድረስ ይመጡልሻል። ክሮይዝበርግ ባለው ሃው በሚባለው ቲያትር ቤት የድምፅ ባለሙያዎች ቁጭ ብለው «ይህችን ትዕይንት እንዲህ አድርገን ነው የሠራናት» እያሉ የሚያወሩት ነገር ግን በቪዲዮ ቢቀረጽ እንኳ፣ በቪዲዮ እጅ አውጥቶ መጠየቅ አይቻልም። ደግሞ ከጎንሽ የሚቀመጡት ልጆች እንዳንቺው ጀማሪዎች ናቸው። አንዱ ከጋና፣ አንዷ ከፊሊፒንስ የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። የዛሬ አስር ዓመት ሥራ የሚጠራሽ መድረክ ላይ ያለው ትልቅ ሰው ሳይሆን ከነዚህ ልጆች አንዱ ይመስለኛል። ስልካቸውን ሳትይዢ እንዳትለያዩ።

ከሁሉም በላይ የምጓጓልሽ ግን ለፊልም ገበያው ነው። ፌስቲቫሉ በ1951 ሲጀመር በሰኔ ነበር የሚካሄደው። በ1978 ወደ የካቲት አካባቢ ያመጡት ከፈረንሳዩ የካን ፌስቲቫል ቀድመው ገዢና ሻጭ እንዲያገናኙ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ።) ባጅሽ የሚያስገባሽ ከሆነ ግሮፒዩስ ባው የሚባለው አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ግቢና ለግማሽ ቀን ዝም ብለሽ ተዘዋወሪ። እዚያ የሚሸጠው ፊልሙ ሳይሆን ፊልሙን የማሳየት መብት ነው። ለጀርመን ሲኒማ ቤቶች አንዱ ይገዛል፣ ለፈረንሳይ ቴሌቪዥን ሌላው፣ ለኢንተርኔት ደግሞ ሌላው። ለስንት ዓመት፣ በየትኛው አገር፣ በየትኛው ቋንቋ የሚለው ሁሉ ለየብቻ ዋጋ አለው። መሐል ላይ የሽያጭ ወኪል አለ። እሱ መጀመሪያ ኮሚሽኑን ይቆርጣል፣ ቀጥሎ ለፖስተርና ለማስታወቂያ አወጣሁ የሚለውን ይቀንሳል፣ ለሠሪው የሚደርሰው ከዚያ የተረፈው ነው። ወጣት ፊልም ሠሪ «ለመላው ዓለም፣ ለማንኛውም ዓይነት ማሳያ» የሚል ወረቀት ሲቀርብለት፣ ፊልሜን ፈለጉልኝ ብሎ ከደስታው ብዛት ይፈርማል። ፊልሙ ከዚያ በኋላ የሱ አይደለም።

ይህ ነገር ለምን እንደሚያንገበግበኝ ታውቂያለሽ። ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልሙን ይዞ እዚያው በርሊን የተወዳደረው በ1993 ነው። አሜሪካ ሲመለስ የሚያከፋፍልለት አጣ። ባሪያ ተደርገው የተያዙት ሰዎች ራሳቸው የሚያምፁበት ፊልም ነው፤ ማንም አይገዛውም ብለው ሳይሞክሩት ተዉት። እሱና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ግን ሲኒማ ቤት እየተከራዩ፣ በየከተማው ያለውን ጥቁር ማኅበረሰብ እያስተባበሩ ራሳቸው አሳዩት።

እኔ እዚሁ ዋሽንግተን ነው ያየሁት። አሜሪካ ከገባሁ ብዙ አልቆየሁም፣ እንግሊዝኛዬም ገና ነበር። ሰልፉ ሕንፃውን ዞሮ ወደ ኋላ ተጠምዝዟል። ከቤተ ክርስቲያን ተሰባስበው የመጡ እናቶች የእሑድ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ ብርዱ ላይ ቆመዋል። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ የሚነሳ ጠፋ። ከኋላዬ የነበሩ አንዲት ባልቴት የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ስለ ገዛ አያታቸው ይነግሩት ጀመር። ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ፣ በዙሪያቸው ያለው ሰው ሁሉ ወደሳቸው ዞሮ ያዳምጥ ነበር። እኔ ንግግራቸውን በሙሉ አልተረዳሁም፤ ግን ፊልም ሰውን ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያየሁት ያን ቀን ነው። አንቺ ይህን ሙያ ስትመርጪ አባትሽ ሲያመነታ እኔ ያላመነታሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ፊልሙም በሠሪዎቹ እጅ ቀረ። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ጆርጂያ ጎዳና ላይ ያለው የመጻሕፍት ቤትና ካፌ፣ ልጅ ሆነሽ ጥግ ይዘሽ ሥዕል ስትሥዪበት የነበረው ቤት፣ ስሙ ከዚያው ፊልም የመጣ ነው። በ2021 ደግሞ ፊልሙ ታድሶ በአሜሪካዊቷ ዳይሬክተር በአቫ ዱቨርኔይ ድርጅት በኩል ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። ከበርሊን 28 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። መብቱን ያኔ ለአንዱ ኩባንያ አሳልፈው ሰጥተው ቢሆን ኖሮ የት መጋዘን ውስጥ አቧራ እንደሚጠጣ አንድ እግዚአብሔር ያውቃል።

ሌላም ልንገርሽ። በ2014 የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም «ድፍረት» በርሊን ላይ በፓኖራማ ክፍል የተመልካች ሽልማት አገኘ፤ ሰው ከአዳራሽ ሲወጣ ድምፅ ሰጥቶ የመረጠው ማለት ነው። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ታዳሚው ቦታውን ይዞ ከተቀመጠ በኋላ የፍርድ ቤት እግድ መጣና ቆመ። ታሪኩ መነሻ ያደረጋት ሴት ሳልጠየቅ ቀረሁ ብላ ነበር። በኋላ እግዱ ተነስቶ ታየ። ማን ልክ ነው ብዬ ልፈርድልሽ አልችልም፣ ፊልሙንም እወደዋለሁ። ግን የባለቤትነት ጥያቄ ከሠሪውና ከገዢው ጋር አያበቃም፤ ሕይወቷ የተወሰደላት ሴትም አለች። ዘጋቢ ፊልም በሚሠሩት ውይይት ላይ ይህን አንሺላቸው።

አንቺ የድምፅ ባለሙያ ነሽና «ይህ የዳይሬክተሮችና የፕሮዲዩሰሮች ጉዳይ ነው» እንዳትዪኝ። ምናለሽ ተራ ሄደሽ የብረት ቀጥቃጮቹን የቀረፅሽበትን ቀን አስታውሺ። በርሜሉን በመዶሻ ሲመቱት የሚያሰማውን፣ መዶሻው ሲያርፍ ከሩቅ የሚሰማውን የጋሪ ድምፅ፣ ሁሉንም ለየብቻ ለመያዝ ጠዋቱን ሙሉ ቆመሽ ዋልሽ። ለአጭር ፊልም ብለሽ ሰጠሽ፣ የቀን አበል ተከፈለሽ፣ ቀጥሎ በማስታወቂያ ውስጥ ሰማነው። ስምሽም የለም፣ የጠየቀሽም የለም። እኔ ያን ማስታወቂያ በሰማሁ ቁጥር ሆዴ ይቃጠላል። ስለዚህ ሃው ውስጥ ትልልቆቹን የድምፅ ሰዎች ይህን ጠይቂያቸው፦ ራሳችሁ ወጥታችሁ የቀረፃችሁት ድምፅ የማን ነው? ውል ስትፈርሙ እንዴት አድርጋችሁ ለራሳችሁ ታስቀራላችሁ? ብዙ ሰው ስለ ማይክሮፎን ዓይነት ይጠይቃቸዋል፤ ይህን ግን ማንም ላይጠይቅ ይችላል።

ይሉኝታሽን አውቃለሁ። ማይክሮፎኑ ሲዞር ቀና ብለሽ ታዪውና ለሌላው ታሳልፊዋለሽ፣ ከዚያ ማታ ደውለሽ «እንዲህ ብዬ ልጠይቅ ነበር» ትዪኛለሽ። ጥያቄሽን ከቤት ጽፈሽ ያዢ። ቀድመሽ ተነሺ፣ ከፊት ረድፍ ተቀመጪ።

ተከታታይ ድራማዎቹንም አትለፊያቸው። ቴሌቪዥን እንደምትንቂ አውቃለሁ፣ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በርሊን ራሱ ከ2015 ጀምሮ ለተከታታይ ድራማ ቦታ ሰጥቷል። አገር ቤትም ቃና ቴሌቪዥን በ2016 የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ እየተካ ማቅረብ ሲጀምር የፊልም ሰዎቹ ተቃወሙ፣ ስጋታቸውም ገብቶኛል። ነገር ግን የድምፅ ሥራ የዕለት እንጀራ ሊሆን እንደሚችል ያሳየ ጉዳይ ነው። ፊልም በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው፣ ተከታታይ ድራማ በየሳምንቱ ድምፅ ይፈልጋል።

ጊዜ ካገኘሽ እዚያው ጀርመን ሆነሽ የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» እንደገና እዪው። ጀርመን ሊማር የሄደ ሐኪም ምን እንደገጠመው እዚህ ሶፋ ላይ ሆነን ስናየው አንቺ ገና ልጅ ነበርሽ፣ መሐል ላይ ተነስተሽ ሄደሻል። አሁን ቻይው።

ወፍራሙን ካፖርት ያዢ፣ የበርሊን ብርድ ከኒውዮርክ አያንስም። ቁርስ ሳትበዪ አትውጪ። ካርድ ሰጥቶሽ «እንነጋገር» የሚል ሰው ከመጣ ተነጋገሪ፣ ፈገግ በዪ፣ ግን ወረቀት ካቀረበልሽ እዚያው እንዳትፈርሚ። ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። የክርስትና አባትሽ ልጅ ጠበቃ ናት፣ ነግሬያታለሁ፣ በየትኛውም ሰዓት ብትልኪ አነባለሁ ብላለች። እኔም ሌሊት ተረኛ ስለሆንኩ እዚያ ሲነጋ እዚህ ነቅቼ ነው የምጠብቅሽ፣ ደውዪ።

እናትሽ